የማይለቅ ምልክት

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 26፥18፤ ኢዮብ 19፥23-24፤ ዕንባቆም 2፥2፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 3፥2-3



ዛሬ በአንድ ቀላል ጥያቄ ልጀምር። በዚህች ሌሊት በቤታችሁ ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ዋናውን ውሃ የሚዘጋው ቫልቭ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ማን ነው? በብዙ ቤት መልሱ «አባወራው» ነው። በሌላው ቤት ደግሞ «ሠርቶልን የሄደው ልጅ ያውቃል» ይባላል። አባወራው መንገድ ላይ ከሆነስ? ልጁ ስልክ ባያነሣስ? ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ባትሪ ይዞ ግድግዳ ሥር ይጎነበሳል፤ አንዱን ይዘጋል፣ ሌላውን ይከፍታል፤ ውሃው ግን እንደ ልቡ ይፈሳል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ቫልቩ ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ነበር።

«ፓስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቧንቧ ሠራተኛ የሆነው?» የሚል አይጠፋም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስለ ውሃ ለመናገር አያፍርም። ዘፍጥረት 26ን ስናነብ፣ ይስሐቅ በአባቱ በአብርሃም ዘመን የተቆፈሩትን፣ ኋላም ፍልስጥኤማውያን የደፈኗቸውን ጉድጓዶች እንደገና ሲያስቆፍር እናገኘዋለን። አስቆፍሮ ብቻ አልተወም፤ አባቱ ባወጣላቸው ስም መልሶ ጠራቸው። አፈር ጉድጓዱን ደፍኖት ነበር፤ ስሙ ግን በልጁ አፍ ቀርቶ ነበር። ውሃን ለልጅ ማውረስ ማለት ጉድጓዱንም ስሙንም ማውረስ ነው።

ምንጩ የሚታይበት ስፍራ

ከላሊበላ ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው አቅጣጫ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ነአኩቶ ለአብ አለ። ስሙን ያገኘው ከዛግዌ ነገሥታት አንዱ ከነበረው፣ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው ከሚባለው ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ ያሉት የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል። የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጸበላቸው ነው፤ ከሩቅም ከቅርብም ይመጡበታል።

እኔ እዚያ በሄድኩ ቁጥር የማስተውለው አንድ ነገር አለ። እዚያ ማንም «ይህ ውሃ የትኛው ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ከየት እንደሚወርድና የት እንደሚያርፍ ሕፃን ልጅ እንኳ በዓይኑ ያያል። በከተማው ውስጥ ያሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ ናቸው። የላስታ ክረምት ኃይለኛ ስለሆነ፣ የጥንቶቹ ጠራቢዎች የዝናቡ መውረጃ እንዲሆን ቦዩን ከዓለቱ ጠርበው አወጡት። ዮርዳኖስ ብለው የሰየሙት ቦይ በሁለቱ የአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች መካከል ያልፋል፤ በውስጡም ከድንጋይ የተጠረበ መስቀል ቆሞበታል። በበጋ ውሃው ቢደርቅም የውሃው መንገድ ይታያል፤ ስሙም አልጠፋም።

የእኛ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ በልስን ይሸፈናል፤ በወለል ሥር ይሄዳል፤ በሌላ ክፍል ብቅ ይላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ሁሉም ቤት ሮቶ ያስቀምጣል፤ ሮቶው ሌላ ቧንቧ ይፈልጋል፤ ቦይለር ሲገባ ሌላ ይጨመራል። በመጨረሻ መልካቸው አንድ የሆነ አምስት ስድስት ቧንቧ ጎን ለጎን ይቆማል። ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም፤ በውስጣቸው ያለው ግን ይለያያል። ምልክት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፦ ዓይን የማያየውን ለዓይን ለመንገር።

በአንዲት እናት ግቢ

በጉባኤያችን ለእንግዳ ክፍል እያከራዩ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሮቶ አላቸው። አንደኛው የከተማውን ውሃ ይይዛል፤ እሱ ይጠጣል፣ ወጥ ይሠራበታል። ሁለተኛው በክረምት ከጣሪያው በአሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ ያጠራቅማል፤ እሱ ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለአትክልት ነው። ቤቱን የዘረጋው ባለሙያ የዝናቡ ሲያልቅ የከተማው እንዲያግዘው ብሎ ሁለቱን መስመሮች በአንድ መገናኛ ቫልቭ አያያዛቸው። እንግዲህ ቫልቮቹ ሦስት ሆኑ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሲጨርስ በየቧንቧው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ በማርከር ጻፈበት። የዚያን ዕለት ጽሕፈቱ ያምር ነበር።

አንድ በጋ አለፈ። ፕላስተሩ ደርቆ ተጠቀለለና ወደቀ፤ በቀጥታ ቧንቧው ላይ የተጻፈውንም ፀሐይ አነጣችው። እናታችን ለልቅሶ ወልድያ በሄዱበት ሳምንት፣ ቤት የሚጠብቀው ልጅ ውሃ ቢቀንስበት የመሰለውን ቫልቭ ከፈተ። ሦስት ቀን ሙሉ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያወርድ የነበረው የጣሪያውን ውሃ ነበር። ጥርት ያለ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸው በተቅማጥ ተዳክማ ጤና ጣቢያ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ልጠይቃቸው ስሄድ ያ ቤት ጠባቂ ልጅ ከግንቡ ተጠግቶ ያለቅስ ነበር። ገና ሳላናግረው «ፓስተር፣ ምንም የተጻፈ ነገር አልነበረም እኮ» አለኝ።

ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ያገኘው ዝም ያለ ቧንቧ ነው።

በሳምንቱ ከደሴ መጥቶ እዚህ የሚሠራ አንድ ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። እናታችን ገና እንደ ደነገጡ ነበሩ። «አብሽሩ እማማ፣ ሁለተኛ እንዳይለቅ አድርገን ነው የምንጽፈው» አላቸው። እኔም ተቀምጬ አየሁት። ያየሁትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ለቤታችሁም ለነፍሳችሁም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ምንም አልጻፈም። ግማሽ ቀን ሙሉ አንዱን ቫልቭ እየዘጋ፣ ሌላውን እየከፈተ፣ በየክፍሉ እየዞረ ውሃው የት እንደሚቆምና የት እንደሚፈስ አረጋገጠ። «ለምን አትጽፍም?» ብለው እናታችን ቢቸኩሉበት፣ «እማማ፣ ስሕተት ጽፈን ቢቆይ ካልተጻፈው ይብሳል» አለ። ይህን ከመድረክ ብንሰማው ቀኑን ሙሉ አሜን የምንልበት ነው። የሚቆይ ነገር ከመጻፋችን በፊት እውነት መሆኑን ማወቅ አለብን። ነቢዩ ኤርምያስ በ17፥1 የይሁዳ ኃጢአት በብረት ብዕር በልባቸው ጽላት ላይ እንደ ተቀረጸ ይናገራል። ክፉም ነገር በጥልቀት ይጻፋል።

ሁለተኛ ቧንቧውን አጸዳ። የቀረውን የፕላስተር ሙጫ ፋቀ፤ አቧራውንና ቅባቱን በጨርቅ ጠረገ፤ እስኪደርቅም ጠበቀ። የመጀመሪያው ጽሕፈት ቶሎ የለቀቀው በአቧራ ላይ ስለ ተለጠፈ ነው፤ የያዘው አቧራውን እንጂ ቧንቧውን አልነበረም።

ሦስተኛ ቀለም ቀባ። የዘይት ቀለም ይዞ የሚጠጣውን መስመር በሰማያዊ፣ የዝናቡን በቢጫ፣ እንደ ቀለበት ዙሪያውን አሠረው። ዙሪያውን የሆነበት ምክንያት ሰው ከየትኛውም ወገን ቢመጣ እንዲያየው ነው። ከቀለበቱ አጠገብ ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት አሳየ።

አራተኛ ከአልሙኒየም ቆርቆሮ ትንንሽ ሰሌዳ ቆረጠ። በእንጨት ላይ አስተኝቶ በምስማር ጫፍ ከጀርባው በኩል ፊደሉን ነጥብ በነጥብ መታው፤ በፊት ለፊቱ ፊደሉ አብጦ ወጣ። ሰሌዳዎቹን በየቫልቩ አጠገብ በሽቦ ላላ አድርጎ አሠራቸው። «ቧንቧውን ራሱን በቢላ ብትቀርጸውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይሆንም ፓስተር፤ ውሃው በኃይል ነው የሚገፋው፤ ፕላስቲኩ ከተጫረ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል» አለኝ። ይህን እናንተም ያዙት፦ ቅርጹ በሰሌዳው ላይ ይሁን፤ ቧንቧው አይነካ።

አምስተኛ ቦታ መረጠ። በየቫልቩ፣ መስመሩ በሚከፈልበት ሁሉ፣ ቧንቧው ግድግዳ በሚገባበትና በሚወጣበት በሁለቱም በኩል ምልክት አደረገ። የአሜሪካ መሐንዲሶች ያወጡት ኤ13.1 የሚባለው የቧንቧ ምልክት ደንብም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። ጽሕፈቱ ወደ ጣሪያ ሳይሆን ቆሞ ወደሚያነበው ሰው ዓይን ዞረ። ቃሉም እንግዳ የሚያውቀው ሆነ፦ «የሚጠጣ፣ ወደ ወጥ ቤት»፤ «ዝናብ፣ አይጠጣም»፤ «መገናኛ፣ የዝናቡ ቫልቭ ሳይዘጋ አይከፈት»። እግዚአብሔር ለዕንባቆም ራእዩን የሚሮጥ ሰው እንኳ እንዲያነበው ግልጽ አድርጎ እንዲጽፍ አዘዘው። ውሃ ሲያጥለቀልቅ የሚሮጥ ሰው ይመጣል፤ ቆሞ ለመተርጎም ጊዜ የለውም።

ሥራው ያለቀ ሲመስለን እናታችን ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ለእኔስ ምን ትጽፍልኛለህ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ሌላ ሰሌዳ ቆርጦ የኩባያ ቅርጽ በነጥብ መታበትና ከሰማያዊው ቀለበት አጠገብ አሠረው። እሳቸውም ጣታቸውን ሰደው ያበጠውን ቅርጽ ዳሰሱት። «በቃ፣ መብራት ቢጠፋም አውቀዋለሁ» አሉ።

ከውስጥ የሆነ ምልክት

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ምልክት ሳስብ ወደ አንድ ነገር እመለሳለሁ። ከላይ የተለጠፈ ይለቃል፤ ከነገሩ ጋር አንድ የሆነ ይቆያል።

በከተሞቻችን አሁን የተለመደውን የፒፒአር ቧንቧ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ብዙዎቹ በርዝመታቸው የሚሄድ መስመር አላቸው፤ ሰማያዊው ለቀዝቃዛ፣ ቀዩ ለሙቅ ውሃ ነው። ይህ መስመር በኋላ የተቀባ አይደለም። ፕላስቲኩ ቀልጦ ቧንቧ ሲሆን መስመሩም አብሮት ወጣ። ስለዚህ ቧንቧውን ከየትም ቦታ ብትቆርጡት፣ በአጭሩ ቁራጭ ላይ እንኳ መስመሩ አለ። ከጎኑ ደግሞ በቀለም የታተመ ጽሕፈት ታያላችሁ፤ ውፍረቱንና የሚችለውን ግፊት ይናገራል። እሱ ሲፋተግ ይጠፋል። በአንድ ቧንቧ ላይ ሁለቱም አሉ፦ አብሮ የተወለደውና ኋላ የታተመው። በካሊፎርኒያ ታክሞ ለአትክልት የሚውለው የፍሳሽ ውሃ ከሚጠጣው ጋር እንዳይደባለቅ በሐምራዊ ቧንቧ የሚሄደውም ለዚሁ ነው። ሰው ምድሩን ቆፍሮ ቁራጩን ብቻ ቢያገኝ እንኳ ቀለሙ ያስጠነቅቀዋል።

የጥንት ሮማውያንም ይህን ያውቁ ነበር። የእርሳስ ቧንቧ ሲሠሩ የባለቤቱን ወይም የንጉሠ ነገሥቱን ስም በቅርጹ ውስጥ አስገብተው እርሳሱን ያፈስሱበት ነበር፤ ስሙ ከብረቱ ጋር አብጦ ይወጣል። ዛሬ በሙዚየም የሚታዩት ቧንቧዎች ከ1,900 ዓመት በኋላም ይነበባሉ። ፍሮንቲኑስ የተባለው ሹም በ97 እ.ኤ.አ. የሮም ውሃ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም መስመሩን ሁሉ መረመረ፤ ያገኘውንም በመጽሐፍ ጻፈው። በአንዳንድ ቦታ የውሃ መቅጃው የነሐስ አፍ በሕጉ ልክ ማኅተም ተደርጎበታል፤ ከጀርባው የተቀጠለው ቱቦ ግን ከተፈቀደው የሰፋ ነበር። ፊቱ ታትሟል፣ ጀርባው ይሰርቃል። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ብለን እናስብ። በበራችን ላይ ጥቅስ ሰቅለናል፤ መኪናችን ላይ ለጥፈናል፤ ስማችን «አማኝ» ነው። ከጀርባው የተቀጠለው ቱቦስ?

ኢዮብም በመከራው መካከል የለመነው የማይጠፋ ጽሕፈት ነበር። ምዕራፍ 19 ላይ ቃሉ በመጽሐፍ እንዲጻፍ ይመኛል፤ እሱ አልበቃው ሲል በብረት ብዕርና በእርሳስ፣ በዓለት ላይ ለዘላለም እንዲቀረጽ ይለምናል። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ዕብራይስጥ ስንማር የተረዳሁት ነገር አለ። ኢዮብ ስለ መጻፍ የተጠቀመበት «ሐቃቅ» የሚለው ግሥ መቅረጽ፣ መጥረብ ማለት ነው። ያው ግሥ በኢሳይያስ 49፥16 ይመለሳል፤ እዚያ እግዚአብሔር ጽዮንን በመዳፎቹ ላይ እንደ ቀረጻት ይናገራል። በማርከር የጻፈው አይደለም፤ ታጥቦ አይለቅም። እኛ ስሙን ስንረሳ፣ እርሱ ስማችንን በእጁ ይዞታል።

በኢየሩሳሌም ደግሞ ንጉሥ ሕዝቅያስ ውሃ ወደ ከተማው ያስገባበት ዋሻ አለ፤ 2ኛ ነገሥት 20፥20 ይጠቅሰዋል። ርዝመቱ 533 ሜትር ያህል ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. አንድ ልጅ በውሃው ውስጥ ሲሄድ በግድግዳው ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት አገኘ። ጽሕፈቱ ጠራቢዎቹ ከሁለት ጫፍ ተነሥተው እንዴት እንደ ተገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ በዓለቱ ውስጥ እንዴት እንደ ሰማ ይተርካል። የሚገርመው የንጉሥ ስም የለበትም። የተጻፈው ሥራው እንዴት እንደ ተፈጸመ ነው። ወደ 2,600 ዓመት በጨለማና በውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ በአንድ ልጅ ተገኘ።

ለሚመጣው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ምልክት የሚጻፈው ለራስ አይደለም። የቤቱ ጌታ ቫልቩን ያውቀዋል፤ ለእሱ ሰሌዳ አያስፈልገውም። ምልክት ለማናውቀው፣ በጨለማ ለሚመጣው፣ ለሚቸኩለው፣ ከእኛ በኋላ ለሚቀረው ሰው የሚደረግ ፍቅር ነው። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ፣ ላሊበላ በጦርነቱ ውስጥ ሳለች፣ ከብዙ ቤት ሰው ወጥቶ በአንዳንዱ ቤት አሮጊትና ልጅ ብቻ ቀርተው ነበር። ቤቱን የሚያውቀው ሰው ሁልጊዜ ቤት አይገኝም። ይህን እኛ የላስታ ሰዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን።

እኔ ዕድሜዬ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ከእኔ በኋላ በዚህች ጉባኤ የሚያገለግል ሰው ይመጣል። ልጆቼም ከእኔ በኋላ ይቀራሉ። የትኛው ውሃ የሚጠጣ፣ የትኛው የማይጠጣ እንደሆነ የት አገኙት ይሆን? በአፌ ብቻ ነግሬያቸው ከሆነ ፕላስተር ላይ እንደ ጻፍኩት ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ አማኞች ሲጽፍ እነርሱ ራሳቸው የክርስቶስ መልእክት እንደ ሆኑ ይነግራቸዋል። የተጻፉት በቀለም አይደለም፤ በሕያው አምላክ መንፈስ በልብ ላይ ተጽፈዋል፤ የሚያነባቸውም ሰው ሁሉ ነው። ያ ጽሕፈት ቧንቧው ላይ አብሮት እንደ ተወለደው መስመር ነው። ሕይወት ከየትም ቦታ ብትቆርጠን፣ በሕመም ቢሆን፣ በማጣት ቢሆን፣ በስደት ቢሆን፣ በቁራጩ ላይ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረችም እናት በጣቷ ዳስሳ ታውቀዋለች፤ ደግነት በጨለማም ይዳሰሳልና።

በዚህ ሳምንት ሁለት ሥራ እሰጣችኋለሁ። አንደኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ዝጉና ክፈቱ። ውሃው የት እንደሚቆም ልጆቹ ይናገሩ፤ እናንተ ጻፉ። ቧንቧውን አጽዱ፣ በዘይት ቀለም ቀለበት ቀቡ፣ የተመታ ሰሌዳ እሠሩ። በቤቱ ፊደል የማያነብ ሰው ካለ ለእሱም ቅርጽ አድርጉለት። አዲስ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ልስን ከመለሰኑ በፊት ግድግዳውን ፎቶ አንሡ፤ የመስመሩን ሥዕል በወረቀት አድርጋችሁ ከካርታው ጋር አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ በዚያው ምሽት ከቤተሰባችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ጌታ ያደረገላችሁን አንድ ነገር ከነቀኑ፣ ከነቦታው ለልጆቻችሁ ተርኩላቸው። ይስሐቅ የጉድጓዶቹን ስም ያወቀው ከአባቱ ነው።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በእጅህ ስለ ቀረጽኸን እናመሰግንሃለን። ከላይ የለጠፍነው ሲወድቅ እንዳናፍር፣ ቃልህን በውስጣችን ጻፍ። ፊታችንና ጀርባችን አንድ ይሁን። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው በጨለማ እጁን ሲሰድ የሚጠጣውን ውሃ እንዲያገኝ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።